የተደወለው ለባለቤቴ ነበር

ኅዳር 2013 ዓ.ም. ነበር። በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ የከረመው ትምህርት ቤታችን ከተከፈተ ገና ጥቂት ሳምንታት ሆኖታል። ጠዋት ስቻኮል ስልኬን ቻርጀር ላይ እንደ ሰካሁት ረስቼው ከቤት ወጣሁ። ትዝ ያለኝ ከቡራዩ ተነሥቼ አስኮ ከደረስሁ በኋላ ነው። ተመልሼ እንዳላመጣው ክፍለ ጊዜዬ ሊያልፍ ሆነ፤ «ዛሬስ ያለ ስልክ ብውል ምን እሆናለሁ» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። ውድ አንባብያን፣ በትዳር ዘመኔ ካደረግኋቸው መልካም ነገሮች አንዱ ሳላውቀው ያደረግሁት ይህ መርሳት ነው። ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ በ2011 ዓ.ም. ከወር አበባዋ ውጭ ደም ያያት ጀመር። ያን ጊዜ 42 ዓመቷ ስለነበረ «የዕድሜ ነው፣ ሊቋረጥ ሲል እንዲህ ያደርጋል» ተባባልን፤ ጸለይንም። ወራት ካለፉ በኋላ ተመረመረች፤ የማኅፀን በር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው፤ የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሳይታመሙ ሰውነታቸው ራሱ ያጠፋዋል። በአንዳንዶች ላይ ግን ይቀራል፤ ከገባ በኋላ ወደ ካንሰር እስኪለወጥም ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ «ከማን መጣ?» እየተባባሉ ባልና ሚስት መካሰሳቸው ሕመም ላይ ሕመም ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም። እኛ በዚህ በኩል ተርፈናል። የወደቅነው በሌላ በኩል ነው።

በዚያን ጊዜ የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በአንድ ቦታ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። (ከዚያ ወዲህ በጅማና በሐረር ሌሎች ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል።) ባለቤቴ ጨረሩንና ኬሞቴራፒውን የወሰደችው ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ነው ማለት ይቻላል፤ በየቀኑ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ተራ ይጠብቁ ነበርና። አንደኛዋ ከሰበታ በአየር ጤና በኩል፣ ሁለተኛዋ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል፣ እኛ ደግሞ ከቡራዩ በአስኮ በኩል እንመጣለን። ዛሬ ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው መንገድ የግድ በአዲስ አበባ ያልፍ ነበር። ሴቶቹንም ያገናኛቸው ወንበሩ ነው። የሰበታዋ ባሏ የሞተባት ናት፤ የሱሉልታዋ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ የሚቀናቸው እናት ናቸው። በልጃቸው ደጋፊነት ይመጣሉ።

ሕክምናዋ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ተፈጸመ። በተከታዩ እሑድ በጉባኤ ፊት ቆሜ «እግዚአብሔር ባለቤቴን ፈወሳት» ብዬ መሰከርሁ። ምእመናን እልል አሉ። እኔም ከልቤ ነበር የተናገርሁት።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ታክሲው በግማሽ ይጭናል፣ ታሪፉ ግን እጥፍ ሆነ። የካንሰር ሕክምና የወሰደ ሰው ደግሞ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ «አስቸኳይ ካልሆነ አትምጡ፣ በስልክ እንከታተላለን» ተባልን። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ከጨረር በኋላ ሆድ አልሰበሰብ ያላት ሴት በሚኒባስ ተጨናንቃ መሄድና መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። መንገድ ላይ «ወራጅ አለ» ብላ በእፍረት የወረደችባቸውን ቀናት እኔ አልረሳቸውም።

ካርድ ስናወጣ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ስልክ ቁጥር የእኔ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ ቁጥር ሲጠየቅ ቀድሜ የመለስሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሲስተር ስትደውል የሚጮኸው የእኔ ኪስ ነው።

«የታማሚዋ ቤተሰብ ነዎት? እንዴት ናት?»

«ተመስገን፣ ደህና ናት።»

«የሚፈስ ደም አለ?»

«ኧረ የለም!»

«ሕመምስ?»

«ትንሽ ይደክማታል እንጂ ሌላ የለም።»

ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቡና ትቆላለች። ዓይኗን ከምጣዱ ላይ አታነሣም። ስልኩን ስዘጋ «ሲስተር ናት፣ ሰላም ብላሻለች» እላታለሁ፤ «እግዚአብሔር ይስጣት» ትለኛለች። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት አራት ጊዜ ተደወለ። አራቱንም ጊዜ የመለስሁት እኔ ነኝ።

አምስተኛው ጥሪ የመጣው ስልኬን በረሳሁባት ዕለት ነው። ባለቤቴ እየፈራች አነሣችው። ሲስተር ድምፅ ሲለወጥባት «እርስዎ ራስዎ ነዎት?» አለቻት። «አዎ።» «አጠገብዎ ሰው አለ?» «ማንም የለም።» «እንግዲያው ዛሬ ቀስ ብለን እናውራ» አለችና አንድ በአንድ ትጠይቃት ጀመር። ሲስተር «እንዴት ነዎት?» ብላ አልጀመረችም፤ «እንዴት ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ እኛ ሁላችን መልሳችን አስቀድሞ የታወቀ ነውና። ሰው አልጋ ላይ ወድቆ እንኳ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። እርሷ ግን «በዚህ ወር ስንት ቀን ደም አዩ? ከግንኙነት በኋላ ነው ወይስ እንዲሁ? ሽንት ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴም ሰባት ወር ሙሉ የያዘችውን አወጣችው። ከግንኙነት በኋላ ደም ያያታል፤ ሕመሙ ጥርሷን ያስነክሳታል፤ እኔ ግን አላወቅሁም። ሲስተር «ይህ በስልክ የሚያልቅ አይደለም፣ ነገ ይምጡ» አለቻት።

ማታ ቤት ስገባ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፤ ሁሉንም ነገረችኝ። የመጀመሪያው ቃሌ ወቀሳ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችኝ። «ሲጠይቁኝም የምትመልሰው አንተ ነህ። ደግሞስ አንተ ድናለች ብለህ የመሰከርህላት ሴት ደም እያየች ነው ብዬ በምን አፌ ልናገር?»

ወገኖቼ፣ ከዚያ በፊት ምስክርነቴ በሚስቴ አፍ ላይ መዝጊያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ፈጣሪን ማመስገኔ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቴ ምስጋናው ከተነገረ በኋላ እርሷ መታመም እንዳትችል ማድረጌ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሁልጊዜ በበሽተኛው የሚፈረድ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ደባቂው አስታማሚው ሊሆን ይችላል!

በማግስቱ አብረን ሄድን። ሐኪሙ መረመራት፣ ናሙናም ወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ያሳለፍናቸውን ሁለት ሳምንታት አልተርክላችሁም። ካንሰሩ አልተመለሰም። ጨረሩ የነካው ሰውነት ስስ ሆኖ፣ ደርቆና ጠብቦ ስለነበረ በቀላሉ ይደማ ነበር። ይህ ከዚህ ሕክምና በኋላ የታወቀ ነገር ነው፤ ድርቀቱን የሚያለሰልስ ቅባት አለው፣ ጥበቱን ቀስ በቀስ የሚያላቅቅ መሣሪያ አለው፤ ከሁሉ በላይ የባል ትዕግሥት አለው። በመጀመሪያው ጥሪ ቢነገር ኖሮ በመጀመሪያው ወር ምክር ይገኝለት ነበር። ሰባት ወር ያሠቃያት መድኃኒት ያጣ በሽታ ሳይሆን መልስ የቀማ ባል ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ሌሎቹ ሁለት ሴቶች መጠየቅ ጀመርሁ።

የሰበታዋ እህት ትንሽዬ ባለቁልፍ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዛት። ሲደወልላት ጓሮ ወጥታ ለብቻዋ ታወራለች። ሆዷ አልቆም እንዳላት በመጀመሪያው ጥሪ ተናገረች፤ ምን እንደምትበላ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዴት በጥብጣ እንደምትጠጣ፣ ምን ምልክት ስታይ ሳትውል ሳታድር መምጣት እንዳለባት ተነገራት። «እዚያ ስሄድ ሰው ስለሚበዛ አፍሬ እመለሳለሁ፤ በስልክ ግን ፊቴን ስለማያዩኝ ሁሉንም እናገራለሁ» ብላ ለባለቤቴ አጫውታታለች። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ያቺ ባለቁልፍ ስልክ አገልግላታለች።

የሱሉልታዋ እናት የራሳቸው ስልክ አልነበራቸውም። የተመዘገበው የልጃቸው ቁጥር ነው። ልጁ ጨዋና እናቱን የሚወድ ነው፤ ሲደወል ሥራውን ትቶ ቤት ይገባና እናቱን በኦሮምኛ እየጠየቀ ለነርሷ በአማርኛ ይመልስ ነበር። ግን የትኛዋ እናት ናት በወንድ ልጇ አፍ «ሽታ ያለው ፈሳሽ ይፈሰኛል» የምትለው? «ደህና ነኝ በላት» ይሉታል፤ እርሱም «ደህና ናት» ይላል። አንድ እግራቸው አብጦ ቆመው መሄድ ሲያቅታቸው ነው ይዟቸው የሄደው። በሽታው ተመልሶ ተስፋፍቶ ነበር። በጥር 2013 ዓ.ም. አረፉ። ቀድሞ ቢታወቅ ይድኑ ነበር ለማለት እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥቃያቸው ግን ቀድሞ ይታገሥላቸው እንደነበረ አልጠራጠርም። ልጃቸውን ለቅሶ ላይ ሳገኘው አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ «እኔ እኮ ሁሌ ጠይቄያታለሁ።» እውነቱን ነው፤ ጠይቋታል። የሚጠይቃት ግን ሌላ ሰው መሆን ነበረበት።

እንግዲህ ጥሪው ያው ጥሪ ነበር፤ ስልኩ የነበረበት ቦታ ግን ይለያያል። አንዱ በነጠላ ጫፍ፣ አንዱ በልጅ እጅ፣ አንዱ በእኔ ኪስ።

ዛሬ ስለ ርቀት ሕክምና፣ ቴሌሜድስን ስለሚሉት፣ ብዙ ይወራል። ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በህንድ ሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር በመገናኛ መስመር ተያይዞ ሐኪሞች ስለ በሽተኞች የሚመካከሩበት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከዚያም በፊት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰው ስለ ኤድስ ፊት ለፊት መጠየቅ ሲያፍር በ952 ደውሎ ስሙን ሳይናገር ይጠይቅ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያ መስመር የሠራው ደዋዩ ራሱ ባለጉዳዩ ስለነበረ ነው።

በውጭም የተጠና ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሳለ የተገኘ የማኅፀን ካንሰር ታክመው የጨረሱ 259 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሆስፒታል እየሄዱ፣ ግማሾቹ ሠልጥነው በተዘጋጁ ነርሶች በስልክ እንዲከታተሉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት በስልክ የተከታተሉት ከሌሎቹ የባሰ ጭንቀት እንዳልነበረባቸው አሳይቷል። በኒውዮርክ ደግሞ የማኅፀን ነክ ካንሰር ያለባቸው ሴቶች የሚገኙባቸው፣ በሽታው የተሰራጨባቸው 766 ታማሚዎች ተጠንተዋል። ሕመማቸውን ራሳቸው በኮምፒውተር እየሞሉ ለነርሶች እንዲያሳውቁ የተደረጉት አጋማሽ ዕድሜያቸው 31.2 ወር ሲሆን በተለመደው መንገድ የታከሙት 26 ወር ነበር። አምስት ወር ልዩነት! አዲስ መድኃኒት አልተጨመረላቸውም፤ የተጨመረላቸው የሚሰማቸውን በራሳቸው መናገር ነው።

ስለዚህ «ሴቶቻችን በስልክ መታከምን ይቀበሉታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ባለቤቴ ስልኩን አልጠላችውም፣ አልደረሳትም እንጂ። በደረሳት ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለእኔ በሰባት ወር ያልነገረችኝን ተናገረች።

ስልክ ግን የማይሠራውን ልንጠይቀው አይገባም። ስልክ አይዳስስም፣ ናሙና አይወስድም። ሕክምና የጨረሰች ሴት አዲስ ደም ካየች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ የማይለቅ የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ የሽንት ማነስ ወይም ሳያውቁት መፍሰስ ካለ፣ በስልክ መነጋገሩ ለመሄድ እንጂ ላለመሄድ መሆን የለበትም። በቀጠሮ መመርመሩም አይቀርም። ምንም ሕመም የሌላቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ እኅቶች ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው የማኅፀን በራቸውን ይታዩ። በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የወጥ ቤት አቼቶ ዓይነት ፈሳሽ ተቀብቶ የሚታይ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ የተገኘ ቁስል እዚያው ሊታከም ይችላል። ለሴት ልጆችም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባት አለ፤ የእኛም ልጅ 14 ዓመት ሲሞላት ተከትባለች።

ለባሎች ግን የማካፍለው ከሐኪም የተማርሁትን ሳይሆን ከበደሌ የተማርሁትን ነው። ካርድ ሲወጣ በመጀመሪያ የእርሷ ቁጥር ይጻፍ፤ የእናንተ በሁለተኛ ደረጃ ይመዝገብ። ስልክ ከሌላት ቢቻል ይገዛላት፤ ካልተቻለ ጥሪው በሚመጣበት ሰዓት ስልካችሁ በእርሷ እጅ ይሁን። ሲደወል «አለች፣ ላገናኝዎት» በሉና ውጡ። በሩን ዝጉ። ቋንቋ የሚቸግር ከሆነ ልጅን አስተርጓሚ ከማድረግ በቋንቋዋ የሚያናግራት ባለሙያ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተገኘም ሴት ታስተርጉምላት። ስትጨርስ ደግሞ «ምን አለችሽ?» ብላችሁ አትመርምሯት። ልትነግራችሁ ስትፈልግ ትነግራችኋለች፤ የሚነገረው ሰው መሆን የእናንተ ፋንታ ነው።

በወንጌል 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ገንዘቧን ለሐኪሞች ጨርሳ፣ ከኋላ መጥታ ተደብቃ ልብሱን የነካችው ያቺ ሴት ናት። ከዚያ ቀን በፊት ታሪኩን ሳነብ ልብሱን መንካቷ ላይ ነበር የምቆመው። አሁን የምቆመው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ጌታ ዞሮ ጠየቀ፤ እስክትመልስም ጠበቃት። ያን ሁሉ ዓመት የሆነባትን እየተንቀጠቀጠች በራሷ አፍ ተናገረች። ደቀ መዛሙርቱ አልመለሱላትም፤ ዘመድም አልመለሰላትም።

ባለቤቴ ሕክምናዋን ከጨረሰች አምስት ዓመት አልፏታል። ዛሬም ለምርመራ በአካል እንሄዳለን። በመካከሉ ሲስተር ትደውላለች፤ የሚጮኸው የባለቤቴ ስልክ ነው። ቡና እየተቆላ ከሆነ ምጣዱን ተቀብያት እወጣለሁ። በረንዳ ላይ ሆኜ እቆላለሁ፤ ብዙ ጊዜም አሳርረዋለሁ። ጨርሳ ስትወጣ ሽታው ይነግራታልና «ዛሬም አቃጠልኸው?» ትለኛለች።

እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ።